አሮጌ ፓወር ማክን በሊኑክስ ማስነሳት፦ የቱሉ ዲምቱ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ከምናለሽ ተራ አንድ ፓወር ማክ ጂ4 ይዤ ገባሁ። ኩዊክሲልቨር የሚሉት ሞዴል ነው። አፕል በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ባለ 733 ሜጋኸርትዝ። ሻጩ ከአንድ ማተሚያ ቤት መጋዘን ከወጣ ዕቃ ጋር በጅምላ እንደገዛው ነገረኝ። ለብረቱ ሊፈታታው ነበር። በ2,500 ብር ተስማማን።

ክብደቱ 13 ኪሎ ገደማ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለት ቦታ ስለያዘ የሁለት ሰው ከፈልኩ። ቱሉ ዲምቱ ስወርድ የእህቴ ልጅ አስፋልት ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እኛ ጋ ሆኖ ነው የሚማረው። ሳጥኑ በአራቱም ማዕዘን እጀታ አለው። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ሊፍት የለንም።

ደረጃው ላይ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ኡቡንቱ በፍላሽ አንጭንበትም?»

«አይነሳም። ይሄ ፒሲ አይደለም።»

«ኮምፒውተር አይደል እንዴ?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም እንዲህ ነው። የድሮው ፒሲ ሲበራ ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ባይቶች አይቶ ምልክቱ ካለ እዚያው ዘሎ ይገባል። በውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ አይጠይቅምም። ማኩ ግን እንዲህ አያደርግም። የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ለማስነሳት ብሎ አይነካቸውም። የዲስኩን ክፍፍል ያነባል፣ የአፕልን ፋይል ሲስተም ያውቃል፣ አንድ የተለየ ፋይል ፈልጎ ያስነሳል። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን ፓወርፒሲ ነው፤ አፕል፣ አይቢኤምና ሞቶሮላ በ1991 እ.ኤ.አ. ተጣምረው የጀመሩት። ለኢንቴል የተሠራ ፕሮግራም ለእሱ ትርጉም የለውም። ቁጥሮችን እንኳ በማስታወሻው ላይ ሲያስቀምጥ ከኢንቴል በተቃራኒ ትልቁን ጫፍ ያስቀድማል።

ልጭንበት ያሰብኩት ሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት፣ ኡቡንቱም አንዱ ዓይነቱ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጁ ቁልፉን ሲጫን፣ ማንም ምንም ሳይጽፍ፣ ማሽኑ ራሱ እስከ ሊኑክስ መግቢያ ድረስ እንዲደርስ። እኔ ሥራ ላይ ስሆንም እንዲነሳለት። እዚያ እስክደርስ በየቀኑ የሆነውን እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከፈትነው። የዚህ ሳጥን አከፋፈት በጣም ደስ ይላል። ጎኑ ላይ ያለውን ቀለበት ስትስብ ግድግዳው ከነማዘርቦርዱ እንደ በር ወደ ታች ይዘረጋል። ዊንች አይፈልግም። ሁሉም ነገር ከፊትህ ተዘርግቶ ይታያል። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ይልቅ ለጠጋኝ ሰው ያሰበ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አቧራውን በብሩሽና በብስክሌት ፓምፕ አወጣነው። ራሙ 128 ሜጋባይት ነበር። ከድሮ ፔንቲየም 3 ያስቀመጥኳቸው ሁለት የ256 ራሞች ገጠሙ፤ ዓይነታቸው አንድ ነው፣ ፒሲ133። ሃርድ ዲስኩ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። አልቆለታል። በቤት ያለኝን የ80 ጊጋ አይዲኢ ዲስክ አስገባሁ።

የቪዲዮ ካርዱ ቪጂኤ መሰኪያም ስላለው ተራ ሞኒተር ሠራለት። ቁልፉን ተጫንኩ። «ቡንንን» የሚለው የማክ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ ግራጫ ስክሪን፣ ከዚያ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ይላል። ማሽኑ ደህና ነው፣ የሚያስነሳው ነገር ግን አላገኘም ማለት ነው።

ወደ ፈርምዌሩ (በማኩ ላይ የባዮሱን ቦታ የያዘው ፕሮግራም ነው) ለመግባት ሲነሳ አራት ቁልፎች አንድ ላይ ይያዛሉ፦ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ኦ እና ኤፍ። የአፕል ኪቦርድ የለኝም። ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ግን ይሠራል፤ የዊንዶውስ ቁልፍ ኮማንድ ነው፣ አልት ደግሞ ኦፕሽን። ሰዓቱን መጠበቅ ይጠይቃል። ልጁ በሁለተኛው ሙከራ ያዘው።

ነጭ ስክሪን ላይ ጥቁር ጽሑፍ መጣ። ኦፕን ፈርምዌር ይባላል። ከታች ዜሮና የ«ይበልጣል» ምልክት ቆመው ይጠብቃሉ። እዚህ ቦታ የሚናገሩት ቋንቋ ፎርዝ ነው። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ትነግረዋለህ። ልጁ 3፣ ክፍት ቦታ፣ 4፣ ክፍት ቦታ፣ የመደመር ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ነጥብ ጻፈ። 7 ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ 9 እና 1 ደመረ። አንዲት ፊደል መለሰለት፤ ኤ። ተገረመ። ፈርምዌሩ የሚቆጥረው በ16 መሠረት ስለሆነ አሥር በኤ ይጻፋል። የሂሳብ መምህሩ ባለፈው ሳምንት ስለ ቁጥር መሠረት እያስተማሯቸው እንደነበር ነገረኝ። ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆየን፤ አልቸኮልኩም።

ይህን አሠራር ያመጣው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው። እነሱ ኦፕንቡት ይሉታል። በ1994 እ.ኤ.አ. አይትሪፕልኢ 1275 የተባለ የጋራ መስፈርት ሆኖ ወጣ። ስለዚህ በሰን ማሽን ላይ የተማረ ሰው እዚህ አይጠፋውም። ቡት ሎደሩ፣ ማለትም ፈርምዌሩ ጠርቶት ሊኑክሱን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ግን በየማሽኑ ይለያያል። ሰን ስፓርክ ላይ ሲሎ ነው፤ አልፋ ላይ ኤቡት፣ የኤችፒ ፒኤ-ሪስክ ላይ ፓሎ። ከ1998 እ.ኤ.አ. አይማክ ወዲህ በመጡ የፓወርፒሲ ማኮች ላይ ያቡት ነው። ያቡትን የጀመረው ቤንጃሚን ሄረንሽሚት የሊኑክስን ፓወርፒሲ ክፍል ለዓመታት የመራ ሰው ነው።

ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ የተጻፈበትን ቅንብር እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ኤችዲ፣ ኮሎን፣ ኮማ፣ ሁለት ባክስላሽ፣ ኮሎን፣ ከዚያ ቲቢኤክስአይ ብሎ መለሰ። ትርጉሙ እንዲህ ነው። «ሃርድ ዲስኩ ላይ ሂድ። ክፍሉን ራስህ ፈልግ። የተባረከውን ፎልደር ክፈት። በውስጡ ዓይነቱ ቲቢኤክስአይ የሆነውን ፋይል አስነሳ።» የተባረከ ያልኩት እኔ አይደለሁም። አፕሎች ራሳቸው ነው እንዲህ የሚሉት።

አሁን ምን መሥራት እንዳለብኝ አወቅሁ። የእኔን ቡት ሎደር እዚያ ፎልደር ውስጥ፣ በዚያ ዓይነት፣ ማስቀመጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሊኑክሱን መረጥኩ። ዴቢያን 8 ነው፣ የ2015 እ.ኤ.አ.። ባለ 32 ቢት ፓወርፒሲን በይፋ የያዘው የመጨረሻው የዴቢያን ቅጽ እሱ ነው። ዘጠነኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አስቀርቶታል። በጎ ፈቃደኞች ዴቢያን ፖርትስ በሚል ዛሬም ይዘውት ይቀጥላሉ፤ እነሱ አሁን የሚጠቀሙት ግራብ የሚባለውን ሌላ ቡት ሎደር ነው። እኔ ያቡትን መጀመሪያ በደንብ ማወቅ ስለፈለግኩ አሮጌውን መረጥኩ። የደህንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ ኢንተርኔት ላይ አልተወውም። ቤት ውስጥ ብቻ ይሠራል።

ሌሊት ዳታ ሲረክስ ማውረድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ባዶ ሲዲ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሦስት ሱቅ ዞሬ አራተኛው ጋ አገኘሁ። የመጀመሪያው ሲዲ እየተጻፈ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲዲው ተበላሸ። ሁለተኛው በደንብ ተጻፈ። ማኩ ላይ አስገብቼ ሲ የሚለውን ቁልፍ ይዤ አስነሳሁት። ሲዲ ማንበቢያው ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ይሽከረከራል። አላነበበም። ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። ምንም።

ፍላሽ ልሞክር አልኩ፤ ግን የዚህ ማሽን ዩኤስቢ 1.1 ነው፣ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ። ፈርምዌሩም በዩኤስቢ ለመነሳት ያን ያህል አይታመንም። ተውኩት።

የቀረኝ ኔትወርክ ነው። ማኩ ዲስክም ሲዲም ሳይኖረው ቡት ሎደሩን በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር መቀበል ይችላል። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ አለ። ዲኤንኤስማስክ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ አድራሻ ያድላል፣ በቲኤፍቲፒ ደግሞ ፋይል ይሰጣል። ዴቢያን ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ያቡት፣ የያቡት ቅንብር፣ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) እና ሲነሳ ለጊዜው የሚጠቀምበት ራም ዲስክ አሉ። አውርጄ አንድ ቦታ አስቀመጥኳቸው። ሌላው ለነገ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ላፕቶፑንና ማኩን በአንድ የኔትወርክ ኬብል ቀጥታ አገናኘሁ። መሀል ላይ ስዊች አላስፈለገም። ፈርምዌሩ ውስጥ ቡት፣ ክፍት ቦታ፣ ኢኔት፣ ኮሎን፣ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ኢኔት የኔትወርክ ካርዱ ቅጽል ስም ነው።

ጠበቅን። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ መክፈት አልቻልኩም የሚል መልስ መጣ።

እንዲህ ሲሆን መገመት አልወድም። ላፕቶፑ ላይ በኬብሉ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩና ደገምኩት። ማኩ «አድራሻ ስጡኝ» ይላል። ላፕቶፑ ይሰጠዋል። ማኩ ቀጥሎ «ያቡት የሚባለውን ፋይል ላኩልኝ» ይላል። ዝም። እንደገና ይጠይቃል። ዝም። ማኩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ዝም ያለው የእኔ ላፕቶፕ ነው። ፋየርዎሉ፣ የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ዩዲፒ 67 የሚባለውን በር ፈቅዶ ዩዲፒ 69ን ዘግቷል። አድራሻ በ67 ይወጣል፣ ፋይል በ69 ይጠየቃል። ከፈትኩለት።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ያቡት መጣ። «እንኳን ወደ ያቡት በደህና መጡ» ይላል በእንግሊዝኛው። ኢንተር ስንጫን ከርነሉ ገባ፤ ከዚያ ሰማያዊው የዴቢያን መጫኛ ስክሪን ታየ። ልጁ ዘሎ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ።

መጫኛው ዲስኩ ላይ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቢያንስ 819,200 ባይት የሆነ የማስነሻ ክፍል አላገኘሁም አለኝ። ዲስኩ ከፒሲ የወጣ ስለሆነ አከፋፈሉ የፒሲ ነው። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መቀጠል ይቻላል፤ አልቀጠልኩም። ያለዚያ ክፍል ቢጫንም አይነሳም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

መብራት ከሰኞ ጀምሮ ቀን ቀን የለም። ሥራ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዲስኩን እንደ አዲስ ከፈልኩት። ማክ-ኤፍዲስክ በሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ የአፕልን የክፍፍል ካርታ ጻፍኩ። አንድ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። በዚህ ካርታ ቁጥር 1 የሚባለው ክፍል ካርታው ራሱ ነው። ስለዚህ የማስነሻው ክፍል ቁጥር 2 ይሆናል፤ 800 ኪሎባይት ብቻ። ሊኑክሱ 3 ላይ፣ ስዋፑ (ራሙ ሲሞላ የሚያግዘው ቦታ) 4 ላይ።

ይህች 800 ኪሎባይት ክፍል ከሊኑክሱ የተለየች ናት። ሊኑክስ ሥራውን ሲሠራ አይከፍታትም፣ አያያይዛትም። ለፈርምዌሩ ብቻ የተተወች ናት። አይቢን የሚባል ፕሮግራም ያቡትንና ቅንብሩን እዚያ ይገለብጣል፣ ፎልደሩን «ይባርካል»፣ ፋይሉ ላይ የቲቢኤክስአይ ዓይነት ያትማል። እሑድ ማታ ፈርምዌሩ ላይ ያነበብኩት አረፍተ ነገር ማለት ነው፤ አሁን ከሌላው ጫፍ አየሁት።

መጫኑ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፣ ያቡት ከዲስኩ ላይ መጣ። እልል ብዬ ነበር።

ቀጥሎ የሠራሁት ነገር ግማሽ ቀን አስከፈለኝ። ሳጥኑን ከመዝጋቴ በፊት ዲስኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጃምፐር አየኋት፤ ዲስኩ አንደኛ (ማስተር) ወይም ሁለተኛ (ስሌቭ) መሆኑን የምትወስን መሰኪያ ናት። ዲስኩ በፊት ፒሲ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ስለነበር ስሌቭ ላይ ናት። ብቻውን ያለ ዲስክ ማስተር መሆን አለበት ብዬ ቀየርኳት። ዘጋሁት። አበራሁት። መክፈት አልቻልኩም አለ።

ምክንያቱን ለልጁ በሰፈራችን አስረዳሁት። እኛ አድራሻ የምንሰጠው በቁጥር አይደለም። «ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ግባ፣ ፋርማሲውን እለፍ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በደረጃው በግራ» ነው የምንለው። ኦፕን ፈርምዌርም እንዲሁ ነው። የዲስኩ አድራሻ ከዋናው መስመር ተነስቶ፣ በየመታጠፊያው አልፎ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያው ጋ ደርሶ፣ «ቦታ 0» ወይም «ቦታ 1» ብሎ ያበቃል። ማስተር 0 ነው፣ ስሌቭ 1። ዴቢያን ሲጫን ዲስኩ ቦታ 1 ላይ ነበር። እኔ ቤት ቀየርኩለት። ደብዳቤው ግን በድሮው በር ይንኳኳል።

አድራሻውን በእጄ ሰጠሁት፦ ቡት፣ ክፍት ቦታ፣ ኤችዲ፣ ኮሎን፣ 2፣ ኮማ፣ ያቡት። ኤችዲ የቦታ 0 ቅጽል ስም ስለሆነ ያቡት ተገኘ። ግን ያቡት ራሱ ከርነሉን አላገኘም። በእሱ ቅንብር ውስጥም የድሮው አድራሻ ተጽፏል። ስለዚህ አድራሻው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው። የፈርምዌሩ ማስታወሻ ውስጥ አለ፤ ሊኑክሱ ውስጥ ባለው ቅንብር አለ፤ በ800 ኪሎባይቷ ክፍል ውስጥ ባለው ግልባጭ ደግሞ አለ። ሦስቱም መስማማት አለባቸው።

ጃምፐሯን መመለስ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን አዲሱን አድራሻ ማስለመድ ፈለግኩ። ኦፍፓዝ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሊኑክሱን የዲስክ ስም ስትሰጠው የፈርምዌሩን አድራሻ ይመልስልሃል። በኔትወርክ አስነስቼ፣ ወደ ዲስኩ ገብቼ፣ በኦፍፓዝ አገኘሁት፣ ቅንብሩ ላይ ጻፍኩት፣ አይቢንን አስኬድኩ። ተነሳ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተነሳ ያልኩት ያቡትን ነው። ከርነሉ ሲጀምር ስክሪኑ ይጠቁራል።

ከመጥቆሩ በፊት የሚታየው የመጨረሻ መስመር «ሪተርኒንግ ፍሮም ፕሮም ኢኒት» የሚል ነው። ይህን መስመር ብዙ የማክ ሊኑክስ ሰው በሕልሙም ያየዋል። ያች ቅጽበት ርክክብ ናት። ከርነሉ ፈርምዌሩን «በዚህ ማሽን ውስጥ ምን ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የዕቃዎቹን ዛፍ በሙሉ ገልብጦ ይወስዳል፣ ከዚያ ፈርምዌሩን ያሰናብታል። መስመሩ ከታየ ርክክቡ በደህና አልቋል ማለት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ሆኜ ፒንግ አደረግኩት፤ በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መለሰ! ማሽኑ ሕያው ነው፤ ስክሪኑ ብቻ ነው የጠፋው። ከላፕቶፑ ሆኜ በኔትወርክ፣ በኤስኤስኤች ገባሁ። ኑቮ የሚባለው የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨር ስክሪኑን ተረክቦ እያጠፋው ነው። መፍትሔው ለከርነሉ አንድ ቃል ማቀበል ነው፤ ኑቮ ነጥብ ሞድሴት እኩል ይሆናል ዜሮ። ድራይቨሩ እጁን ይሰበስባል፤ ከርነሉ ፈርምዌሩ ያዘጋጀውን ስክሪን እንዳለ ይጠቀማል። ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለጽሑፍ ግን ይበቃል።

የያቡትን ቅንብር ከፍቼ ቃሉን ጨመርኩ። አጥፍቼ አስነሳሁ። ጥቁር። የጻፍኩትን ደግሜ አየሁ፤ ትክክል ነው። አስነሳሁ። ጥቁር። ቃሉን በሌላ ቃል ቀየርኩ። ጥቁር። ምሳ ቀርቦ ቀዘቀዘ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገባኝ። የምጽፍበት ፋይል ሊኑክሱ ውስጥ ያለው ነው። ያቡት የሚያነበው ግን በ800 ኪሎባይቷ ክፍል ውስጥ ያለውን ግልባጭ ነው። በለወጥክ ቁጥር አይቢንን ማስኬድ አለብህ። ትናንት አድራሻውን ስቀይር አድርጌው ነበር፤ ዛሬ አላደረግኩትም። ዛሬ ግራብን የለመደ ሰው ሁሉ እዚህ ይያዛል፤ ግራብ ቅንብሩን ከሊኑክሱ ክፍል በቀጥታ ስለሚያነብ ግልባጭ የሚባል ነገር አያስቸግርም። ያቡት እንደ ሊሎ፣ እንደ ድሮው የፒሲ ቡት ሎደር፣ ነው። አይቢን ብዬ ጻፍኩ፣ አስነሳሁ። ነጫጭ ጽሑፎች ከላይ ወደ ታች ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ የመግቢያው ጥያቄ ቆመ።

ወረቀት ላይ «ከለወጥክ፣ አይቢን» ብዬ ጽፌ ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት።

ያቡት ሳይጠይቅ ራሱ እንዲቀጥል የመጠበቂያ ጊዜውን 50 አደረግኩት። የሚቆጠረው በሰከንድ አሥረኛ ስለሆነ 5 ሰከንድ ነው። ከዚያ? አይቢን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታየ ሌላ ነገር። ገመዱ ከተነቀለ ወይም መብራት ከጠፋ ሰዓቱ ወደ 1904 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ማክ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን እዚያ ይወድቃል። አጼ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ጊዜ ነው።

የቀን ስህተት ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ግን ሊኑክሱ ሲነሳ ዲስኩ የተጻፈበትን ቀን አይቶ «ይህ ወደፊት ነው» ይላል፣ ምርመራ ይጀምራል፣ አንዳንዴም ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ያኔ ዓላማዬ ፈረሰ። እዚህ ሰፈር መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ እኔን የሚጠብቅ ከሆነ ልጁ አይጠቀምበትም።

ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ናት። 3.6 ቮልት ሊትየም፣ መጠኗ የቀጭኑ (ኤኤ) የባትሪ ድንጋይ ግማሽ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይታለች። መርካቶ ውስጥ ዛሬ አምስት ሱቅ ጠየቅሁ። የሰዓትና የካልኩሌተር ባትሪ ሁሉም ጋ አለ። ይህቺ የለችም። አንዱ ሽማግሌ «የፋብሪካ ማሽን ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሂድ፣ ለመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚያስገቧት እሷን ነው» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ እዚያ አገኘኋት። ቮልቷ የተለየ ባትሪ መግጠም አይገባም፤ እጄ ላይ ባለችው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሁለቴ አነበብኩ።

እስከዚያው ፌክ-ኤችደብሊውክሎክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ሲጠፋ ሰዓቱን ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ሲነሳ ከዚያ ይጀምራል። ባትሪዋ ገብታም አላነሳሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከጠዋት ጀምሮ በየብሎኩ ፊት ቆሻሻው ተሰብስቦ ይቃጠላል። ከታች ቤት ያሉት እማማ በረንዳዬ ላይ የተቀመጠውን የድሮውን ሃርድ ዲስክና የሲዲ ማንበቢያውን ከታች አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያን አሮጌ ብረት አታወርደውም? ዛሬ ሁሉም እየወጣ ነው።»

«እማማ፣ ፕላስቲክና ባትሪ ስላለበት እሳት ውስጥ አይገባም። ጭሱ ለእርስዎም ለልጆቹም አይበጅም። ምናለሽ ተራ እወስደዋለሁ።»

«ትልቁስ ሳጥን?»

«እሱ ይሠራል።»

«ምን ይሠራል?» አሉ። ነገ ይምጡና ይዩት አልኳቸው። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ማሽኑን በአንሶላ ሸፈንኩት። የዛሬው አመድ ማራገቢያው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የቡት ሎደር ሥራ የለም። ግን ሳልጽፈው አላልፍም።

ልጁ ጠየቀ። «ጋሼ፣ አማርኛ ያውቃል?»

ዴስክቶፕ አልጫንኩበትም፤ ጥቁሩ ኮንሶል ብቻ ነው። ሰላም የሚል ፋይል ከላፕቶፑ ልኬ ስከፍት ሁሉም ቦታ ባዶ ሳጥን ሆነ። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ይህ ማሽን ከመሠራቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ስለዚህ ፋይሉ ልክ ነው፤ የጎደለው የፊደል ቅርጽ ነው። የዴቢያን የኮንሶል ቅንብር ውስጥ ገባሁ። የፊደል ዓይነት ምርጫው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች! ከሥሯ ሁለት ቅርጾች፦ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ። አንድ ሰው ይህን ሠርቶ፣ ስሙን ጎሃ ብሎ፣ እዚያ አስቀምጦልናል። ለማን እንደሆነ ሳያውቅ። ጎሃን መረጥኩ። ፋይሉን ከፈትኩ።

«ሰላም» ብሎ ቆመ፤ ነጭ በጥቁር።

ፊደሎቹ ጠባብ ናቸው። ለእንግሊዝኛ በተሰፋ ቦታ ውስጥ ስለሚገቡ ጨ እና ሠ ትንሽ ይጨናነቃሉ። ግን ይነበባሉ። እማማ በአራተኛ ፎቅ ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፈው ወጡ፤ ጸሎት ጻፍልኝ አሉ። አባታችን ሆይን በላፕቶፑ ጽፌ ላክሁለት። ቆመው ከስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትናንት ማታ የመጨረሻውን ፈተና አደረግኩ። ማሽኑን በሥርዓት አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ኪቦርዱንም አወጣሁ። እንዳለ አደረ። ጠዋት ገመዱን ብቻ መልሼ ወደ ሥራ ወጣሁ። ለልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክብ ቁልፏን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጫን፣ ሌላ ምንም እንዳይነካ ነገርኩት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ተነሳ።»

«የት ደረሰ?»

«መግቢያው ላይ ነው። ስም እየጠየቀ ነው።»

«ቀኑስ?»

ትንሽ ዝም አለ፤ ከላይ ያለውን መስመር እየፈለገ ነበር።

«የዛሬው ነው።»